መኪና ልታዩ ስትሄዱ የልጆቹን ወንበር ይዛችሁ ሂዱ

ቤተሰብ ሲሰፋ መኪና የሚመረጠው ከኋላ ወንበር ተነስቶ ነው። ሞተሩ፣ ቀለሙ፣ ቸርኬው፣ ስክሪኑ ሁሉ በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን የት ይቀመጣል፣ ሁሉም ከተቀመጠስ በኋላ ለዕቃ ምን ተረፈ የሚለው ነው። ይህን የምጽፈው ሦስተኛ ልጃችን ሊመጣ ነው ብለን መኪና ፍለጋ ከጀመርን ወዲህ ባየሁት ነገር ልቤ ስለተነካ ነው። ሻጭ ሁሉ "ሰባት ሰው ይይዛል" ይላል። የትኞቹን ሰባት? ሰባት ሙሉ ሰው ነው ወይስ ሁለት ሙሉ ሰውና ዕቃ የማይዙ አምስት ልጆች? እዚህ ላይ ሲደርስ ወሬው ይቆማል።

የኛን ቤት ልንገራችሁና ከዚያ እንቀጥል። ትልቋ ልጃችን ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ቁመቷ ስላልደረሰ ከፍ የሚያደርጋት ቡስተር ላይ ነው የምትቀመጠው። ታናሽየው የራሱ ቀበቶ ባለው የልጅ ወንበር ላይ ነው። የሚመጣው ደግሞ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወንበር ይፈልጋል። እናቴም ብዙ ጊዜ አብራን ትጓዛለች፣ ጉልበቷን ስለሚያማት ከፍ ያለ ቦታ መውጣት አትችልም። እኔና ባለቤቴ ስንጨመር ስድስት ሰው። የእናንተ ቁጥር ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ስሌቱ ግን ያው ነው።

ከስፋት ልጀምር።

ብዙ ሰው ሦስተኛ ልጅ ሲመጣ ወዲያው ወደ ሰባት ወንበር ይሮጣል። ከዚያ በፊት ግን እጃችሁ ላይ ያለችው መኪና ሦስት የልጅ ወንበር ጎን ለጎን ትይዝ እንደሆነ ማየት ይገባል። ሜትር ይዛችሁ ግቡና ለኩ። አይ-ሳይዝ በሚባለው የአውሮፓ ደረጃ የተሠራ የልጅ ወንበር ስፋቱ ቢበዛ 44 ሴንቲሜትር ነው፣ ሦስት ሲሆን 132 ይመጣል። የመካከለኛ መኪና የኋላ ወንበር ደግሞ በትከሻ ልክ ወደ 140 ሴንቲሜትር ይጠጋል። እንግዲህ ይበቃል ትላላችሁ። ግን ያ ልኬት የተወሰደው ላይ፣ ትከሻ ጋ ነው። ወደ መቀመጫው ስትወርዱ በሩ ላይ ያለው የክንድ ማሳረፊያ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የኋላ ጎማው ጉብታ ከጎን ይገፋል፣ የመሃሉ መቀመጫ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠበብና ከፍ ብሎ ስለሚሠራ እዚያ ላይ ያስቀመጣችሁት የልጅ ወንበር ወደ አንዱ ጎን ያዘነብላል።

ሌላም አለ። ሦስቱ ወንበሮች እንደምንም ተገፋፍተው ገቡ እንበል። አሁን ትልቋን ልጅ ቡስተሯ ላይ አስቀምጧትና ቀበቶዋን ራሷ እንድታስር ጠይቋት። ቀበቶው የሚሰካበት ነገር በሁለቱ ወንበሮች መካከል ተውጦ ቀርቷል። ልጅቷ ጣቶቿን አስገብታ ትፈልገዋለች፣ ምላሱን ትሰካለች፣ ይንሸራተታል፣ እንደገና ትሞክራለች፣ በመጨረሻ "አባዬ አልቻልኩም" ትላለች። እናንተ በበሩ በኩል ተጎንብሳችሁ፣ በታናሹ ልጅ እግር ላይ አልፋችሁ፣ እጃችሁን እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ አስገብታችሁ "ጠቅ" የሚለውን ድምፅ ትጠብቃላችሁ። ይህ በየቀኑ ጠዋት ነው። ዝናብ ሲዘንብም ነው። ከኋላችሁ መኪና ጡሩምባ ሲነፋም ነው። ወንበሮቹ ገቡ ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፣ ቀበቶው ይታሰራል ወይ የሚለው ነው ዋናው።

ለመኪና ለውጥ ገንዘብ የሌለው ወይም ያለውን መኪናውን የሚወድ ሰው አንድ ሌላ መንገድ አለው፦ ጠበብ ያሉ የልጅ ወንበሮች። ከ44 ሴንቲሜትር የሚያንሱ አሉ። ሁለት ሰፋፊ ወንበሮችን በጠባብ መቀየር መኪና ከመቀየር እጅግ ይረክሳል፣ እና ለአንዳንድ ቤተሰብ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። አይሶፊክስ የሚባለው፣ የልጁን ወንበር ከመኪናው አካል ጋር በቀጥታ የሚያያይዘው የብረት መያዣ፣ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ያለው በሁለቱ የዳር መቀመጫዎች ብቻ ነው። የመሃሉ ወንበር በመኪናው ቀበቶ መታሰር ይኖርበታል ማለት ነው። ይህ ችግር የለውም፣ በትክክል ከታሰረ ቀበቶም በደንብ ይይዛል። ስለ አይሶፊክስ መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር የክብደት ገደቡ ነው፤ በአዲሱ የአውሮፓ ደንብ ልጁና ወንበሩ በድምር ከ33 ኪሎ እንዳይበልጡ ይፈለጋል። ወንበሩ ራሱ 12 ወይም 13 ኪሎ ሊመዝን ስለሚችል ልጁ ወደ 20 ኪሎ ሲጠጋ የወንበሩን መመሪያ እንደገና ማንበብ ግድ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ርዝመት። ጨቅላ ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፣ አንገቱ ደግሞ ገና አልጠናም። መኪናው ከፊት ሲጋጭ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ልጅ ጀርባው፣ አንገቱና ጭንቅላቱ አንድ ላይ ወንበሩ ላይ ያርፋሉ። ፊቱን ወደ ፊት ያዞረ ግን ሰውነቱ በቀበቶ ተይዞ ጭንቅላቱ ብቻውን ይወረወራል። ለዚህ ነው ከ2013 (ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው፣ የቀሩትም እንዲሁ) ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ደንብ ልጁ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ እንዲቀመጥ የሚያስገድደው። ከዚያም በላይ ወንበሩ እስከፈቀደ ድረስ ቢቆይ ይመረጣል። ይህን ወደ ኋላ የዞረ ወንበር ኤርባጉ (በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት) ካልጠፋ የፊት መቀመጫ ላይ በፍጹም አታስቀምጡት፣ ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው በቀጥታ የልጁን ራስ የደገፈውን ጀርባ ነው።

እና ይህ ወንበር ቦታ ይበላል። ከጎን ስታዩት ተንጋሎ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ከፊቱ ያለው ወንበር ወደ ፊት መሄድ አለበት። በአጭር መኪና ውስጥ ከፊት የሚቀመጠው ሰው ጉልበቱ ዳሽቦርድ ይነካል። እኔ ረጅም ነኝ፣ ባለቤቴ አጠር ትላለች፣ ስለዚህ ጨቅላው ከእሷ ኋላ ይሁን ብለን ነበር ያሰብነው፤ ግን እሷም ትነዳለች፣ እኔም እነዳለሁ፣ በተቀያየርን ቁጥር የልጁ ወንበር ቦታ ሊቀያየር አይችልም። ስለዚህ መኪና ስታዩ በጣም ረጅሙ ሰው መሪው ጋ በሚመቸው ልክ ይቀመጥ፣ ከዚያ ያ ወንበር ኋላው ይግባ። ካልገባ ያ መኪና ለእናንተ ጠባብ ነው፣ ማስታወቂያው ምንም ቢል።

ሰባት ወንበር ያላቸው መኪኖች ጋ ስንደርስ ነገሩ ይበልጥ ይረቅቃል።

ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው መጀመሪያውኑ ለአምስት ሰው የተሠራና ኋላ ላይ ሁለት ትንንሽ ወንበር የተጨመረለት ነው፦ ሰባት ወንበር ያለው ኒሳን ኤክስ-ትሬይል፣ ሚትሱቢሺ አውትላንደር የመሳሰሉት። ሁለተኛው ከመነሻው ለሦስት ረድፍ ታስቦ የተሠራ ነው፦ ቶዮታ ኖህ፣ ሆንዳ ኦዲሴይ፣ ቶዮታ ሲየና፣ ኪያ ካርኒቫል። በመጀመሪያዎቹ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ሙሉ ሰው ሲቀመጥ ወለሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ጉልበቱ ወደ ደረቱ ይመጣል፣ ራሱም ጣራውን ሊነካ ይደርሳል። ለትንሽ ልጅ፣ ለአጭር መንገድ፣ ይሆናል። እናቴን ግን እዚያ አስቀምጬ ረጅም መንገድ አልወስዳትም።

አንድ ቀን ሙሉ ስለዚህ ብጽፍ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ መኪናውን ገዝቶ ቤቱ ካስገባ በኋላ ነው የሚያውቀው፦ ወደ ሦስተኛው ረድፍ የሚገባው በየት በኩል ነው? አብዛኛው መኪና ላይ የሁለተኛው ረድፍ መደገፊያ ተጣጥፎ ወይም ወንበሩ እንዳለ ወደ ፊት ተንሸራቶ ነው መግቢያ የሚፈጠረው። የልጅ ወንበር በላዩ ላይ ከታሰረ ግን አይታጠፍም። ሁለቱም ዳር ላይ የልጅ ወንበር ካለ ሦስተኛው ረድፍ ተዘጋ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አማራጭ ወይ በኋላ በር በኩል ልጅ ማስገባት፣ ወይ በየጊዜው ወንበር መፍታትና ማሰር ነው። በሁለተኛው ረድፍ ሁለት ነጠላ ወንበሮች ያሏቸውና መሃላቸው መተላለፊያ ያለው መኪኖች ይህን ችግር ይፈቱታል፤ ትልቋ ልጅ በመሃል አልፋ ራሷ ሄዳ ትቀመጣለች። የአንድ ሰው ቦታ ይቀንሳል፣ የቀሩት ቦታዎች ግን በእርግጥ የሚያገለግሉ ይሆናሉ። ለእኔ ስድስት ሰው በምቾት የሚገባበት መኪና ሰባት ተብሎ አራት ከሚይዘው ይበልጥብኛል።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ልጅ የምታስቀምጡ ከሆነ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ አለው ወይ፣ ማለትም ትከሻንም ወገብንም የሚይዘው። ይህን ቀበቶ በ1959 ቮልቮ ነው መጀመሪያ መኪና ላይ የገጠመው፣ መሐንዲሱ ኒልስ ቦሊን ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነው፣ ግን እስካሁን በአንዳንድ ያገለገሉ መኪኖች መሃል ወንበር ላይ የወገብ ቀበቶ ብቻ ታገኛላችሁ። ቡስተር በወገብ ቀበቶ ብቻ አይሠራም። የራስ መደገፊያውም ይታይ። ከጎን የሚወርደው የመስኮት ኤርባግ እስከ ሦስተኛው ረድፍ ይደርስ እንደሆነ መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ በሁሉም መኪና ላይ አይደርስም። የወንበሩ መደገፊያ ከኋላ በሩ ምን ያህል እንደሚርቅም እጃችሁን አስገብታችሁ ለኩ። በአንዳንዱ አንድ ስንዝር ነው የቀረው።

ከዚያ ዕቃው። ሰባቱም ወንበር ለሰው ሲዘረጋ በአብዛኛው መኪና ላይ የኋላ ዕቃ መጫኛው ወደ ምንም ይጠጋል። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር ሦስተኛው ረድፍ ተጣጥፎ፣ አንዳንዴም ሁለተኛውም ተጣጥፎ የተለካ ነው። ቁጥሩ በሊትር ነው የሚሰጠው፣ በጀርመኖቹ ቪዲኤ ዘዴ ሲለካ አንድ ሊትር የሚይዙ 20 በ10 በ5 ሴንቲሜትር የሆኑ ብሎኮች እየተደረደሩ ስንት እንደገቡ ይቆጠራል። የሕፃን ጋሪ ግን ብሎክ አይደለም። አይከፋፈልም፣ ጎማ አለው፣ እጀታ አለው። 200 ሊትር የተባለ ቦታ ውስጥ ጋሪያችሁ ላይገባ ይችላል፣ ምክንያቱም ቦታው ቁመት ኖሮት ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ጋሪውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወንበሮቹን ሁሉ ለሰው ዘርጉና አስገቡት፣ በሩንም ዝጉት።

እዚህ ላይ ለመኪና አሠራር ትኩረት የምትሰጡ ከሆነ አንድ ነገር ተመልከቱ፦ ሦስተኛው ረድፍ የሚታጠፈው ወዴት ነው? ሲየናና ኦዲሴይ ላይ ወለሉ ውስጥ ጉድጓድ አለ፣ ወንበሩ ተገልብጦ እዚያ ይገባል። የዚህ ጥቅሙ ሲታጠፍ ብቻ አይደለም፤ ወንበሩ ሲነሳ ጉድጓዱ ባዶ ስለሚቀር ሰባት ሰው ተቀምጦም ጋሪና ሻንጣ የሚውጥ ጥልቅ ቦታ ይተርፋል። ኖህ ላይ ወንበሮቹ ወደ ግራና ቀኝ ተነስተው ግድግዳው ላይ ይያዛሉ፣ ወለሉ ይለቀቃል ግን የጎን መስኮቱን ይጋርዳሉ። የድሮ ላንድክሩዘሮችም እንዲሁ ናቸው። ትንሿ ሲየንታ ደግሞ ሦስተኛውን ረድፍ ከሁለተኛው ሥር ነው የምትከተው፣ ለትንሽ መኪና ጥሩ ብልሃት ነው፣ ግን ለዚያ ሁለተኛው ረድፍ መነሳት አለበት፤ የልጅ ወንበር ታስሮበት ከሆነ ፈትቶ ማሰር ይመጣል።

አሁን ወደሚያከራክረው ልግባ፦ ኤስዩቪ (ከመሬት ከፍ ያለው ጂፕ መሰል መኪና) ወይስ ሚኒቫን (ዝቅ ያለው የቤተሰብ ቫን)?

ሰው ሁሉ ኤስዩቪ ነው የሚፈልገው፣ ገባኝ። ግርማ አለው፣ ከፍ ብሎ ማየት ደስ ይላል፣ መንገዱ ጥሩ ካልሆነ ደግሞ ከመሬት ከፍ ማለቱ የግድ ነው፣ ያ ሲሆን አልከራከርም። ብዙ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ግን፣ መንገዱ እስከፈቀደ ድረስ፣ ዝቅ ያለ ሚኒቫን ይሻላል ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ። ምክንያቱ መኪናው ሥር ነው ያለው። እንደ ፕራዶና ፎርቹነር ያሉት በሻንሲ ላይ የተሠሩ ናቸው፦ ከታች ወፍራም የብረት ሻንሲ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የመኪናው አካል ይቀመጣል፣ ከኋላ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዝ ጠንካራ አክስል፣ በመሃል ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርስ ዘንግ። ያ ሁሉ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ወለሉ ከፍ ይላል፣ ከውጭ ግዙፍ የሚመስለው መኪና ውስጡ ስትገቡ ያሰባችሁትን ያህል አይሰፋም። የፊት ጎማዎቹ የሚነዱት ሚኒቫን ግን ከታች ያን ሁሉ ስለማይሸከም ወለሉ ዝቅ ይላል፣ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ሰው ወንበር ላይ እንደ ወንበር ነው የሚቀመጠው። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ክራይስለር በ1983 መጨረሻ ላይ ዶጅ ካራቫንና ፕሊመዝ ቮዬጀርን ሲያወጣ፣ ሬኖም በ1984 ኤስፓስን ሲያወጣ መሠረቱ ይኸው ነበር፦ እንደ አውቶሞቢል የሚነዳ፣ ወለሉ ዝቅ ያለ፣ ውስጡ ክፍል የሚመስል መኪና።

ከዚያ ተንሸራታቹ በር አለ። ልጆች በር ሲከፍቱ አይመለከቱም። ጠባብ ማቆሚያ ላይ አጠገባችሁ የቆመውን መኪና የሚመታው በር የልጅ በር ነው። ተንሸራታች በር ይህን ያስቀራል፣ ከዚያም በላይ በሩ ሙሉ ለሙሉ ስለሚከፈት ልጅ ታቅፋችሁ፣ ቆማችሁ ሳትጣመሙ ወንበሩ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ወገብ ለሚያመው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እናቴም የገባችበት መኪና ሁሉ ውስጥ "ይኼ ይሻላል" ያለችው ደረጃው ዝቅ ያለውን ቫን ነው፣ እጀታውን ይዛ አንድ እግሯን አስገብታ ተቀመጠች፣ አለቀ። ከፍ ያለው ኤስዩቪ ላይ ግን እኔ ከኋላ መደገፍ ነበረብኝ።

ስለ ከፍታ ሌላው የምፈራው ከመኪናው ኋላ ያለውን ልጅ አለማየት ነው። መኪናው ከፍ ባለና በረዘመ ቁጥር ከኋላ መስኮቱ በታች የማይታየው ቦታ ይጨምራል፣ ትንሽ ልጅ እዚያ ውስጥ ቆሞ ሙሉ በሙሉ ሊሰወር ይችላል። አሜሪካ ከግንቦት 2018 ጀምሮ አዲስ የሚሸጡ ቀላል መኪኖች ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖራቸው ያስገደደችው ለዚህ ነው (ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው፣ የቀሩትም እንዲሁ)። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ ካሜራ የሌለው ቢሆንም እንኳ ማስገጠም ይቻላል። እባካችሁ አስገጥሙ። ልጆች ባሉበት ግቢ ውስጥ ትልቅ መኪና ያለ ካሜራ ወደ ኋላ መንዳት ልቤን ያስጨንቀዋል።

ክብደት ማንም አያነሳውም፣ እኔ ግን አነሳለሁ። መኪና የሚሸከመው ገደብ አለው። በሾፌሩ በር ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ወይም በመመሪያው ላይ የሚፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ተጽፏል፣ ከዚያ ላይ ባዶ ክብደቱን ስትቀንሱ ለሰውና ለዕቃ የቀረላችሁን ታገኛላችሁ። 500 ኪሎ የቀረለት ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና እንውሰድ። ሰባት ሙሉ ሰው፣ እያንዳንዱ 70 ኪሎ ቢሆን፣ 490 ነው። ለዕቃ 10 ኪሎ ቀረ! ልጆች ሲሆኑ ይቀላል በእርግጥ፣ ግን የልጅ ወንበሮቹም ይመዝናሉ፣ ጋሪውም ይመዝናል፣ ጣራ ላይ የምትጭኑትም ተደምሮ ነው። ጣራው የራሱ ገደብ አለው፣ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ባለው ውስጥ ነው፣ ከዚያም ላይ ከላይ የተጫነ ጭነት መኪናውን በመታጠፊያ ላይ ያንገዳግደዋል። ሞላው ተጫጭኖ ኋላው ወርዶ የሚሄድ ቤተሰብ የጫነ መኪና አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ፍሬኑ በቁልቁለት ላይ ይግላል፣ የፊት መብራቱም ወደ ላይ ተነስቶ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል። የጎማ አየርም ባዶ ሲሆንና ሲጫን አንድ አይደለም። ሁለቱም ቁጥር ብዙ ጊዜ በዚያው በበሩ ጠርዝ ላይ ወይም በመመሪያው ላይ ይገኛል፣ ረጅም መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለተኛውን አንብቡ።

የታሰረና ያልታሰረ ዕቃም አለ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ልጅ ከኋላው ያለው ሻንጣ ብቻ ነው። መኪናው በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄዶ ሲጋጭ ያልታሰረው ዕቃ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይቀጥላል፣ የሚመታበት ኃይልም የክብደቱን ብዙ እጥፍ ነው። ከመደገፊያው በላይ ዕቃ አትከምሩ።

ያገለገለ መኪና ከሆነ የምትገዙት፣ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን፣ ስለ ደኅንነት ኮከብ ስትሰሙ ዓመቱን ጠይቁ። መኪኖችን እያጋጨ ኮከብ የሚሰጠው የአውሮፓ ድርጅት ዩሮ ኤንካፕ የመጀመሪያ ውጤቶቹን ያወጣው በ1997 ነው፣ ከዚያ ወዲህ ፈተናው እየከበደ ነው የመጣው፣ ስለዚህ የድሮ አምስት ኮከብና የቅርብ አምስት ኮከብ እኩል አይደሉም። ለልጆች የሚሰጠው ውጤት ለብቻው ስለሚጻፍ እሱን ፈልጉ። ሌላው የታካታ ኤርባግ ጉዳይ ነው። ታካታ ለብዙ መኪና አምራቾች ኤርባግ ያቀርብ የነበረ የጃፓን ድርጅት ነው፣ ኤርባጉን የሚነፋው ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ብዛት እየተበላሸ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ስለሚረጭ በዓለም ዙሪያ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠርተዋል። የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ይዞ አምራቹ ድረ-ገጽ ላይ ወይም ወኪሉ ጋ ማጣራት ይቻላል። ነጻ ነው፣ ጊዜም አይወስድም።

መካኒክ ይዛችሁ ስትሄዱ መካኒኩ ሞተሩንና ማርሹን ያይላችሁ፤ እናንተ ግን የቤተሰብ መኪና ቶሎ የሚጎዳባቸውን ቦታዎች እዩ። ተንሸራታቹ በር በእጅም በሞተርም ያለ መንጠቅ ይሄዳል? ሐዲዱ ውስጥ ቆሻሻና ዝገት አለ? የኋላ ኤሲው ለብቻው ይነፋል? በትልቅ መኪና ውስጥ የፊት ኤሲ ብቻ ከሆነ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው ልጅ በሙቀት ይታመማል፣ ይህም ረጅም መንገድ ላይ ማቅለሽለሽ ያመጣል። ቀበቶዎቹን ሁሉ እስከ መጨረሻው ስቡና ልቀቁ፣ ራሳቸው ይመለሱ። ምንጣፉን ከፍ አድርጋችሁ እርጥበት ካለ አሽትቱ። ስኮርታው የት ነው? ሦስተኛ ረድፍ ያላቸው አንዳንድ መኪኖች ትርፍ ጎማ ጨርሶ የላቸውም፣ ጎማ መጠገኛ ፈሳሽ ብቻ ነው የሚሰጧችሁ፤ ካለውም ከመኪናው ሥር ተንጠልጥሎ በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል አውርዳችሁ እዩት።

ኤሌክትሪክ መኪና ለሚያስቡ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ባትሪው ወለሉ ውስጥ ስለሚቀመጥ መሃል ላይ ጉብታ የለም፣ ሦስት ልጅ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ይህ ጥሩ ነው። ግን በአንዳንዶቹ ወለሉ ራሱ ከፍ ይልና ኋላ የሚቀመጥ ሙሉ ሰው ጭኑ ከመቀመጫው ይነሳል። አጭር መንገድ ላይ አይታወቅም። ገብታችሁ አስር ደቂቃ ተቀመጡ።

ልጆችም አይቆሙም። የጨቅላው ትልቅ ወንበር ከጊዜ በኋላ በትንሽ ወንበር ይተካል፣ ያኔ ቦታ ይለቀቃል፤ በዚያው ልክ የትልቋ እግር እየረዘመ ይመጣል። ቡስተርም እንደየአገሩ ሕግ የልጁ ቁመት 135 ወይም 150 ሴንቲሜትር እስኪሞላ ድረስ ነው የሚያስፈልገው፣ ስለዚህ ዓመታት ይቆያል። እኛ የምናስበው ትልቋ ራሷን ችላ ያለ ቡስተር እስክትቀመጥ፣ ትንሹም ፊቱን ወደ ፊት እስኪያዞር ያለውን ጊዜ የሚያሻግረን መኪና ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ያኔ እናየዋለን።

አሁን ለእኛ የቀሩት ኖህና ሲየንታ ናቸው። ሲየንታ 4.2 ሜትር አካባቢ ስለሆነች በራችን በቀላሉ ትገባለች፣ ነዳጅም ትቆጥባለች፣ ባለቤቴም ለመንዳት ትመርጣታለች። ኖህ ወደ 4.7 ሜትር ነው፣ ግቢው ውስጥ ሲቆም በእግር ማለፊያ ብዙም አይተርፍም፣ ግን እናቴ የምትቀመጥበት ቦታና ጋሪው የሚገባበት ቦታ በእርግጥ አለው። ባለቤቴ "ሦስተኛውን ረድፍ በሳምንት ስንቴ እንጠቀምበታለን?" ትላለች፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልሱም በእናቴ አመጣጥ ላይ ይንጠለጠላል። ቅዳሜ ሦስቱንም ወንበር፣ ጋሪውንና እናቴን ይዘን ሁለቱንም እንደገና ልናይ ነው። ሁሉንም ሰው አስቀምጠን ዳገት እንወጣለን፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንሞክራለን። ሲየንታ ላይ ሁለት የልጅ ወንበር ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስራችሁ ሦስተኛውን የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ልጁ በየት በኩል እንደሚገባ ብትነግሩኝ በጣም ይጠቅመኛል።